ፖሊስ መጣ ያለው ማን ነበር?

«ዘ ስቲንግ» በተባለው ፊልም መጨረሻ ላይ ለቀረቡልን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ በክበባችን አዳራሽ የታየው ፊልም ካበቃ በኋላ ተመልካቹ እንደ ወትሮው ቶሎ ብሎ ወደየቤቱ አልሄደም። ግማሹ በበሩ አጠገብ፣ ግማሹ በሻይ ቤቱ ዙሪያ ቆሞ ሲከራከር አመሸ። «ልጁ ጓደኛውን ከድቷል» የሚሉ ነበሩ፤ «አልከዳም፣ ያ ሁሉ ተውኔት ነው» የሚሉም ነበሩ። «የፈረሱ ነገር ጨርሶ አልገባንም» ያሉት ግን ከሁለቱም ወገኖች ይበዙ ነበር። ክርክሩ ሰኞ ጠዋት እስከ ዝግጅት ክፍላችን ድረስ ስለ ዘለቀ፣ በዚህ ሳምንት የቤተ ሰብ ዓምዳችንን ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

የቀረቡልን ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ባለ ባንኩ ሎኔጋን ገንዘቡን የተበላው በምን ስሕተት ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በመጨረሻ በሩን ሰብረው የገቡት የፌዴራል ፖሊሶች እነማን ናቸው? ለምንስ አስፈለጉ? የሚል ነው። ሦስተኛው ጥያቄ የመጣው ከአንድ ባልደረባችን ባለቤት ሲሆን፣ ከሁለቱ የከበደ ስለሆነ ለመጨረሻ አቆይተነዋል። ፊልሙን ገና ያላዩና ለማየት የሚያስቡ አንባብያን ይህን ገጽ አጥፈው እንዲያቆዩት እናሳስባለን፤ ምስጢሩን ሳንገልጥ መልስ መስጠት አይቻለንምና።

ታሪኩ በአጭሩ

«ዘ ስቲንግ» በ1973 በአሜሪካ የተሠራ፣ ወንጀልንና ሣቅን አጣምሮ የያዘ ፊልም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድርሰቱን የጻፈው ዴቪድ ዋርድ፣ ያዘጋጀው ጆርጅ ሮይ ሂል ሲሆን፣ በ1974 በተካሄደው የኦስካር ሽልማት ሥነ ሥርዓት የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ ሰባት ሽልማቶችን አግኝቷል። የስሙ ትርጉም «ንድፊያ» ማለት ነው፤ ንብ ወይም ጊንጥ ሲነድፍ እንደሚባለው። በአጭበርባሪዎች ቋንቋ ግን ይህ ቃል የተታለለው ሰው ገንዘብ ከእጁ የሚወጣበትን ያችን አንዲት ቅጽበት ያመለክታል።

ዘመኑ 1936 ነው። አሜሪካ ከታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ገና አላገገመችም። ጆኒ ሁከር የተባለ ወጣት አጭበርባሪ (ሮበርት ሬድፎርድ) ከአረጋዊው አስተማሪው ከሉተር ኮልማን ጋር ሆኖ በጆሊየት ከተማ ከአንድ መንገደኛ 11,000 ዶላር ይወስዳል። ገንዘቡ ግን የዶይል ሎኔጋን (ሮበርት ሾው) ነበር፤ ሎኔጋን ደግሞ በአንድ እጁ ባንክ፣ በሌላው ወንበዴ የሚያስተዳድር ጨካኝ ሰው ነው። ሉተር ይገደላል። ሁከር ሸሽቶ ወደ ቺካጎ ይሄድና ሄንሪ ጎንዶርፍን (ፖል ኒውማን) ይገናኛል። ጎንዶርፍ በሙያው የተከበረ አታላይ ቢሆንም በዚያን ጊዜ ከፌዴራል ፖሊስ ተደብቆ የሚኖር ነው። ይህችን ነጥብ አንባቢው በልቡ እንዲይዛት እንፈልጋለን፤ ኋላ ትጠቅመናለች።

ሁለቱ የሉተርን ደም የሚበቀሉት በጥይት አይደለም፤ ሎኔጋን ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ገንዘቡንና ኩራቱን በመንጠቅ ነው። በመጀመሪያ ጎንዶርፍ «ሾ» የተባለ ሰካራም ባለ ሀብት መስሎ በባቡር ላይ ካርታ ይጫወተዋል። ሎኔጋን አጭበርብሮ አራት ዘጠኝ ይይዛል፤ ጎንዶርፍ ደግሞ የባሰ አጭበርብሮ አራት ጃክ ይዘረጋል። ሎኔጋን 15,000 ዶላር ተበልቶ፣ ተዋርዶም ይነሣል። ቀጥሎ ሁከር «ኬሊ» በሚል ስም ቀርቦ፣ «ሾ አለቃዬ ነው፤ እርሱን አራቁተን ቦታውን እንውሰድ» ሲል ያማክረዋል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ሁሉ የሐሰት ነው፤ የውርርድ ቤቱም፣ ገንዘብ ተቀባዩም፣ በአዳራሹ የተሰበሰቡት ተወራራጆችም ለአንድ ሰው ዓይን ሲባል የቆሙ ናቸው።

አንዲት ቃል፣ ሁለት ፍቺ

ለሎኔጋን የተነገረው ዘዴ እንዲህ ነበር። በሩቅ ከተማ የሚካሄድ የፈረስ እሽቅድድም ውጤት ወደ ውርርድ ቤቶች የሚደርሰው በቴሌግራፍ ነው። በቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ ተባባሪ ውጤቱን ጥቂት ደቂቃ ቢያዘገየውና አሸናፊውን አስቀድሞ በስልክ ቢናገር፣ ሰሚው ያለቀ ውድድር ላይ ይወራረዳል ማለት ነው። ሎኔጋን በትንሽ ገንዘብ ሞከረው፤ ሠራ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሊወራረድ ሲል መስኮቱ ተዘጋበትና ቀረ፤ ይህም ታስቦበት የተደረገ ነው። የተከለከለ ሰው ፍላጎቱ ይጨምራልና። በመጨረሻ 500,000 ዶላር በሻንጣ ይዞ መጣ።

በስልክ የተነገረው መልእክት በእንግሊዝኛ «ፕሌስ» በሚል ቃል የሚጀምር ነበር፤ ገንዘቡን ላኪ ዳን በተባለው ፈረስ ላይ እንዲያስይዝ የሚያዝ ይመስላል። ሎኔጋንም ሻንጣውን አስረክቦ ፈረሱ አንደኛ ይወጣል ሲል ተወራረደ። ተረጋግቶ በተቀመጠበት ያ የቴሌግራፍ ቤት ተባባሪ ነኝ ያለው ሰው መጣና ይህን ሲሰማ ደነገጠ። «እኔ ያልኩት ፈረሱ ሁለተኛ ይወጣል ነው» አለው። ሎኔጋን ዘሎ ተነሥቶ ገንዘቡ እንዲመለስለት ወደ መስኮቱ ሮጠ።

ብዙ ተመልካች ግራ የተጋባው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱም የተመልካቹ አይደለም። በእንግሊዝኛ «ፕሌስ» በተራ አነጋገር ማስቀመጥ፣ ማኖር፣ ማስያዝ ማለት ነው። በአሜሪካ የፈረስ እሽቅድድም ቋንቋ ግን ሦስት ዓይነት ውርርዶች አሉ፤ «ዊን» የሚባለው ፈረሱ አንደኛ እንዲወጣ፣ «ፕሌስ» የሚባለው ቢያንስ ሁለተኛ እንዲወጣ፣ «ሾ» የሚባለው ደግሞ ቢያንስ ሦስተኛ እንዲወጣ ነው። እንግዲህ ቃሉን እኛ በምናውቀው መንገድ ብንፈታው ቅኔ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ሰሙ «አስይዝ» ሲሆን፣ ወርቁ «ሁለተኛ» ነው። ፊልሙ በአማርኛ ተተርጉሞ «ገንዘቡን በላኪ ዳን ላይ አስይዝ» ቢባል ሰሙ ብቻ ይቀርና ወርቁ ይጠፋል። እንግሊዝኛ ለሚያውቅ፣ እሽቅድድም ግን ለማያውቅ ሰውም ነገሩ ያው ነው።

አታላዮቹ ይህን ቃል የመረጡት ለቀልድ ሲሉ አይደለም። ሎኔጋን የተነገረው ወሬ ሐሰት ሆኖ ቢያገኘው ወዲያው ነጋሪዎቹን ይጠረጥራል። ወሬው እውነት፣ ስሕተቱ ግን የራሱ ጆሮ ሆኖ ሲያገኘው የሚወቅሰው ራሱን ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንዲሉ። ራሱን የሚወቅስ ሰው ሌላውን ለመመርመር ጊዜ የለውም።

ፖሊሶቹ ለምን መጡ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ሎኔጋን በመስኮቱ ፊት ሲጮህ ሳለ ፖልክ የተባለ የፌዴራል መርማሪ ከሰዎቹ ጋር ገባ። አብሯቸው የነበረው የጆሊየቱ ሌተና ስናይደር፣ ሁከርን ከመጀመሪያ ጀምሮ ሲያሳድድ የነበረው ጉቦኛ ፖሊስ ነው። ፖልክ ሁከርን «አንተ መሄድ ትችላለህ» አለው። ጎንዶርፍ የተከዳ መሆኑን ያወቀ መስሎ ሽጉጡን መዝዞ ሁከርን ከጀርባው መታው። ፖልክም ጎንዶርፍን መታ። ሁለቱም ወደቁ። ስናይደር የታወቀውን ባለ ባንክ ከዚያ ደም ከፈሰሰበት ቤት አውጥቶ እንዲያርቀው ታዘዘ፤ ሎኔጋንም ስለ ገንዘቡ እየጮኸ ተጎተተ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሙታኑ ተነሡ። ደሙ ሐሰተኛ፣ ጥይቱ ባዶ፣ ፖልክም ከአጭበርባሪዎቹ አንዱ ነበር።

ይህ ሁሉ ግርግር ስለ ምን አስፈለገ? ገንዘቡ እንደ ሆነ ፖልክ ከመግባቱ በፊት ተወስዷል። አንድ አንባቢያችን «ሻንጣውን ይዘው በጓሮ በር መሄድ ሲችሉ!» ሲሉ ጽፈውልናል። የእኛ መልስ ይህ ነው። ገንዘብ መውሰድ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ የተወሰደበት ሰው እንዳይመለስ ማድረግ ነው። ጎንዶርፍ ገና ከመነሻው ሁከርን ያስጠነቀቀው በዚህ ነው፤ ሰውዬው ገንዘቡን ካጣ በኋላም ቢሆን መታለሉን ማወቅ የለበትም። ሎኔጋን ማለት ከዚያ ባነሰ ገንዘብ ሉተርን ያስገደለ ሰው ነው። ቢያውቅ ኖሮ ሁሉንም እስከ ዓለም ዳርቻ ተከትሎ ያጠፋቸው ነበር።

ስለዚህ ግርግሩን ክፍል በክፍል ብናየው እያንዳንዱ የራሱ ሥራ እንዳለው እንረዳለን። ሎኔጋን ገንዘቡን «መልስ» የሚለው ሾ ሞቷል፤ «ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀው ኬሊም ሞቷል። ከሙት ጋር ሙግት የለም። ቤቱ በፖሊስ ተይዟል፤ ሁለት ሰዎች ከተገደሉበት ሥፍራ ስሙ እንዳይነሣ የሚፈራ ባለ ባንክ ደግሞ «ግማሽ ሚሊዮኔን ስጡኝ» ብሎ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም። ያስያዘውም ለማጭበርበር መሆኑን ራሱ ያውቃል።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን የስናይደር ነገር ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሎኔጋን በቀር ምንም የማያውቀው እርሱ ብቻ ነበር። ፖሊስነቱ እውነተኛ ነው፤ ድንጋጤውም እውነተኛ ነው። ሐሰተኞቹ መርማሪዎች እውነተኛነታቸውን የተበደሩት ከእርሱ ነው። ፊልሙ አጋማሽ ላይ ፖልክ ስናይደርን አስጠርቶ ጎንዶርፍን እንደሚፈልጉት የነገረውም ስለዚሁ ነው፤ ጎንዶርፍ በእርግጥ በፌዴራል ፖሊስ ይፈለግ ስለ ነበር ስናይደር ለመጠራጠር ምክንያት አልነበረውም። ቀደም ሲል በልባችሁ ያዙ ያልነው ነጥብ ይህ ነው። ጥሩ ውሸት የሚሠራው በእውነት መሠረት ላይ ነው። በዚህም አንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ተመታ፤ ሁከርን ሲያሳድድ የነበረው ስናይደር እጁ ታሰረ፣ በኋላም የሚያሳድደው ሰው በዓይኑ ፊት «ሞተ»።

«እንግዲያስ ሁከር ከድቶ ነበር ወይ?» ለሚሉት መልሳችን፣ ከቶ አልከዳም ነው። ፖልክ የሉተርን ባለቤት አስራለሁ ብሎ ሲያስፈራራውና ሁከር እጁን ሲሰጥ ያየነው ትዕይንት ለስናይደር የተዘጋጀ ነበር፤ ለእኛም ጭምር። አዘጋጁ እኛን ከአታላዮቹ ጎን ያስቀመጠን መስሎ ሳለ በዚያች ሰዓት ከተታላዮቹ ወንበር አስቀምጦናል። በዋዜማው ሌሊት ሁከር እንቅልፍ አጥቶ ሲንከራተት ስናይ «ሕሊናው ወቅሶት ነው» አልን። ፊልሙን ሁለተኛ ያየ ሰው ግን ያችው ፊት የፍርሃትና የብቸኝነት ፊት መሆኗን ያስተውላል። ፊቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የእኛ ዕውቀት ነው። በማግሥቱ ጠዋት በጠባቧ መንገድ የተገደለችው ሎሬታም ሎኔጋን ሁከርን እንድትገድል የቀጠራት ነበረች፤ ጥቁር ጓንት ያጠለቀው ሰው ደግሞ ሁከርን እንዲጠብቅ በጎንዶርፍ የተላከ ነው።

ነገሩ ከፊልም ውጭም ነበር

ይህ የደራሲው ፈጠራ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ዴቪድ ማውረር የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር የወንጀለኞችን ልዩ ቋንቋ ለማጥናት ከአጭበርባሪዎች ጋር ብዙ ተነጋግሮ በ1940 አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሐሰት ውርርድ ቤቱ፣ የቴሌግራፉ ዘዴና የተታለለውን ሰው የማሸሻው መንገድ በዝርዝር ተገልጸዋል። ከማሸሻ መንገዶቹ አንዱ፣ በዶሮ ደም የተሞላች ትንሽ የጎማ ከረጢት በአፍ ይዞ፣ ባዶ ጥይት ሲተኮስ ነክሶ ደም እየተፉ መውደቅ ነበር። የተታለለው ሰው ለገንዘቡ ማዘኑን ትቶ በነፍስ ግድያ እንዳይያዝ ብቻ እየጸለየ በመጀመሪያው ባቡር ከከተማው ይወጣል። ሌሎቹም ሲሸኙት በጎ የዋሉለት ይመስለዋል።

የባልደረባችን ባለቤት ጥያቄ

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደርሰናል። የምንተርከው በባለጉዳዮቹ ፈቃድ፣ ስማቸውን ሳንጠቅስ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባልደረባችን በግዳጅ ላይ ሳለ ባለቤቱ ለልጆቹ ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ ልትገዛ ገንዘብ ይዛ ወደ ገበያ ወጣች። በመንገድ ላይ ከፊቷ የሚሄድ ሰው ጎንበስ ብሎ በወረቀት የተጠቀለለ የአንገት ሐብል አነሣ። ሌላ ሰው ደረሰና «አይቻለሁ፣ ለሦስት እንካፈል» አለ። ሐብሉን ለጊዜው እርሷ እንድትይዝ፣ ለመያዣ ደግሞ ያላትን ገንዘብ እንድትሰጣቸው ተስማሙ። ገንዘቡን እንደ ሰጠች አንድ ሦስተኛ ሰው ከማዶ እየሮጠ፣ «ፖሊስ መጣ! ባለ ንብረቷ ይዛው መጣች! እህቴ፣ አንቺ ልጆች አሉሽ፣ በዚህ በኩል ሂጂ!» አላት። ሮጠች። እቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ሐብሉ ናስ ነበር።

ባሏ ሲመለስ «ገንዘቡ ጠፋብኝ» ከማለት በቀር ምንም አልተናገረችም። እርሱም ገንዘቡን ሥራ ፈትቶ ለተቀመጠው ወንድሟ እንደ ሰጠችው ጠረጠረ። ጥርጣሬው በየጊዜው በልዩ ልዩ ቃል ይወጣ ነበር። ወንድሟም ነገሩ ሲሸተው ከቤታቸው እግሩን አሳጠረ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ።

ቅዳሜ ማታ ሙታኑ ሲነሡ አዳራሹ በሣቅ ሲናወጥ እርሷ አልሣቀችም። መንገድ ላይ ባሏን እንዲህ ስትል ጠየቀችው፤ «ለካስ ‹ፖሊስ መጣ› ያለውም የእነርሱ ሰው ኖሯል?»

ነገሩ አልገባውም። እቤት ደርሰው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሁሉንም ነገረችው።

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ?» አላት።

«አፍሬ ነው። ደግሞም የሰው ወርቅ ልካፈል ተስማምቼ ነበርኮ። ያ ሰው ያተረፈኝ መስሎኝ ስንት ጊዜ መርቄዋለሁ።»

ባልደረባችን ሰኞ ወደ እኛ የመጣው ይህን ይዞ ነው። ባለቤቱ መልስ የምትፈልግለት ጥያቄ ያው ነበር፤ በእርግጥ ያ ሰው የእነርሱ ነበር ወይ? እኛ በሥፍራው አልነበርንም፤ ነገር ግን የሥራውን አሠራር ለተመለከተ ሰው መልሱ አያጠራጥርም። አዎን፣ የእነርሱ ነበር። ከሦስቱም ዋናው እርሱ ነበር ማለት እንችላለን። ሁለቱ የወሰዱት ገንዘብ ነው፤ ሦስተኛው ግን አንደበቷን ወስዷል። እንድትሮጥ ያደረጋት የሐብሉን ዓይነት እንዳታይ ነው፤ ያሳፈራትም ለባሏና ለጎረቤት እንዳትናገር ነው። የልጆቹ ደብተር በሚቀጥለው ወር ደመወዝ ተገዝቷል። ያ ዝምታ በቤቱ ያስከተለው ጉዳት ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተከፈለም ነበር።

በእርሷና በሎኔጋን መካከል ያለውን ልዩነት አንዘነጋም። ሎኔጋን ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ተመልካቹም በመታለሉ መደሰቱ አያስወቅሰውም። በእውነተኛው ኑሮ የሚታለለው ግን ብዙ ጊዜ ሎኔጋን አይደለም፤ ለልጆቹ ደብተር ሊገዛ የወጣ ሰው ነው። ዘዴው ግን አንድ ነው፤ በመጀመሪያ ትንሽ ጥፋት ያካፍሉሃል፣ ቀጥለው ያስቸኩሉሃል፣ በመጨረሻም «ለማንም እንዳትናገር» ይሉሃል። ዛሬ በስልክ ደውሎ «ከባንክ ነው፤ ሒሳብዎ አሁኑኑ ሊዘጋ ነው፤ ምስጢር ቁጥርዎን ቶሎ ይንገሩኝ» የሚለው ሰውም የዚያው ቤት ልጅ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እንዲህ ያለው ችኮላ ግን የፈሰሰውን እንኳ ለመልቀም ጊዜ አይሰጥም።

ስለዚህ ለውድ አንባብያን፣ በተለይም የቤተ ሰቡ አባወራ በሩቅ ግዳጅ ላይ ለሆነባቸው እናቶች የምናቀርበው ምክር አጭር ነው። ማንም ሰው ሲያስቸኩላችሁ ቁሙ። ማንም «ዝም በይ» ሲላችሁ ለአንድ የምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ገንዘቡ ከሄደ በኋላም ቢሆን ንገሩ። አባወራዎችም የተታለለ የቤተ ሰባችሁ አባል ሲነግራችሁ መጀመሪያ አትቆጡ፤ ቁጣችሁ የዚያን የሦስተኛውን ሰው ሥራ ያግዛልና።

ባልደረባችን በዚያው ሰኞ ወደ ሚስቱ ወንድም ስልክ ደውሎ ነበር። የተነጋገሩትን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። እሑድ ግን ለምሳ እንደሚጠብቁት ሰምተናል።